አንኮበር አድረን መጣን

(ኅዳር 2012 ዓ.ም. ቀራንዮ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ወደ አንኮበር ተልከን የነበርን አምስት አባላት ያቀረብነው ንግግር)



ከሁሉ በፊት የገንዘቡን ነገር እንናገር። ከመሄዳችን በፊት በዚሁ አዳራሽ ብዙ የተባለው ስለ እሱ ነውና። «ሽርሽር ነው» ተብለናል። ለዚህ ጉዞ ከተዘዋዋሪ ብድሩ አንድ ብር አልወጣም። ደጋፊዎቻችን የሰጣችሁን ገንዘብ እዚያው ባንክ ተቀምጧል። የመሳፈሪያውንና የመኝታውን ግማሽ ከየራሳችን ቁጠባ አወጣን፤ ግማሹን ደግሞ ለመስቀል ከሸጥነው ድፎ ዳቦ ትርፍ ሸፈንን። ደረሰኙ ሒሳብ ሹማችን ዘንድ ነው። የሚኒባስ ረዳት ደረሰኝ አይሰጥምና ለእሱ አምስታችንም ፈርመናል።

ለምን እንደሄድን ታውቃላችሁ፤ ለእንግዶቻችን ስንል ግን እንድገመው። ከመሥራቾቻችን አንዷ የሆነችው እህታችን ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ቀራንዮ እንጀራ ጋግራ ስትሸጥ ኖራለች። የአንኮበር ልጅ ናት። እናቷ ዕድሜያቸው ገፍቶ እዚያ ብቻቸውን አሉ። ወደ እናቷ ተመልሳ፣ ወንድሞቿ ትተውት የሄዱትን ክፍል አድሳ እንግዳ ማሳደር እፈልጋለሁ ብላ 45,000 ብር ብድር ጠየቀች። የብድር መመሪያችን ከክፍለ ከተማችን ውጭ ለሚሠራ ሥራ አይፈቅድም። እንዲያው «አይሆንም» ብሎ መመለስ ደግሞ ከበደን። ዕድሩን ያቆመች፣ አራስ ስንሆን ያረሰችን፣ ቤታችን ሲቃጠል ያስጠለለችን ሰው ናት። ስለዚህ «ሄዳችሁ እዩት፣ እደሩበት፣ ከዚያ ንገሩን» አላችሁን። እኛም እሷን ይዘን ስድስት ሆነን ሄድን።

ሐሙስ ጥዋት በጨለማ ከቀራንዮ ተነስተን ላምበረት መናኸሪያ ደረስን። ሰንዳፋን አለፍን። ከዚያ ወዲያ ጎማ ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማ የለም፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ መንገድ ዳር ቆሎ ስንቆረጥም ዋልን። ደብረ ብርሃን የገባነው ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኛ ግን ሙሉ ቀን ፈጀንበት። የአንኮበር መኪና ሄዶ ስላለቀ እዚያው ማደር ግድ ሆነብን።

ስለዚያች ሌሊት መናገር አልፈለግንም ነበር። ከጉዳያችን ጋር ስለሚገናኝ ግን እንናገራለን። የመጀመሪያው አልጋ ቤት «ሴቶች ብቻችሁን ናችሁ? ባሎቻችሁስ?» ብሎ ጠየቀን። ከመካከላችን ትልቋ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ነጠላዋን አስተካክላ «የኔስ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ልጥራልህ?» አለችው። አልሳቀም። አልጋ የለም አለን። ከእኛ ኋላ የመጡ ሁለት ወንዶች ግን ቁልፍ ተቀብለው ሲገቡ በዓይናችን አየን። ሁለተኛው ቦታ ለስድስት ሰው ሁለት ክፍል ሰጠን፤ የአንደኛው በር አይቆለፍም። አልጋውን ገፍተን በሩ ላይ አስደግፈን ተኛን። 500 ብር ከፈልን። ይህን ሒሳብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዓርብ በማለዳ የአንኮበርን ሚኒባስ ያዝን። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በደጋው ላይ፣ በገብሱና በባቄላው መሀል ይሄዳል። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፋፍ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ መኪና አይተው ቀና እንኳ አይሉም። ከዚያ ድንገት ምድሩ ያልቃል። ደጋው ተቆርጦ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሥር የአፋር ቆላ በጭጋጉ ቀዳዳ ብቅ ይላል። ከመካከላችን ሁለቱ ከአዲስ አበባ ወጥተው የማያውቁ ናቸው። አንዷ የሹፌሩን ትከሻ ይዛ «ቀስ በል ልጄ፣ ቀስ በል» እያለች ደረስን።

ስለ ከተማዋ ጥቂት እንበል። አንኮበር ማለት «የአንኮ በር» ነው ይባላል። አንኮ በሩን ይዛ የነበረች የባላባት ሚስት ነበረች ብለው ያወራሉ። እንግዲህ ከተማዋ የተጠራችው በሴት ስም ነው ማለት ነው፤ ይህን ስንሰማ ደስ አለን፤ አንደብቅም። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫቸውን እዚያ አድርገው ነበር። የልጅ ልጃቸው ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው እ.ኤ.አ. በ1865 ሲመለሱ ሸዋን የያዙት አንኮበር ላይ ሆነው ነው። ከታች በአልዩ አምባ የአርጎባ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው ቅፍለት እዚያ ይራገፋል፤ መገበያያው አሞሌ ጨው ነበር። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. ከ1839 ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል ተቀምጦባታል። እንግሊዛዊው ሻምበል ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 የመንግሥቱን መልእክት ይዞ መጥቶ ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ። ጣሊያናዊው አንቲኖሪ አጠገቧ ልጥ ማረፊያ የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ እዚያው ሞቶ ተቀብሯል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1887 ጠመንጃ ሊሸጥ ደርሶባታል፤ ምኒልክን አጥቶ ወደ እንጦጦ ተከተላቸው። ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ ሰውም ተከተላቸው። የጅቡቲው ባቡር ሲመጣ ደግሞ ንግዱ መንገዱን ለወጠ። ዛሬ ጎረቤላ ላይ ያለችው ትንሽ የወረዳ ከተማ ናት።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለጉዳያችን የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። በሣህለ ሥላሴ ዘመን የንጉሥ እንግዳ የሆነ ሰው ምግብ ገዝቶ አይበላም ነበር። ድርጎ ይቆረጥለታል፤ እንጀራው፣ ጠጁ፣ ሙክቱ ከግቢ ይላክለታል። ያለ ንጉሡ ፈቃድም አገሩን ለቆ አይሄድም፤ ያኛው ሌላ ጉዳይ ነው። እንግዳን መመገብ እዚያ አገር የቆየ ነገር መሆኑን ግን አስቡበት።

እማማ ቤት የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። (ስማቸውን አንጠራም፤ እሳቸውም አይወዱም።) ቤቱ የድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ዋናው ቤት ሁለት ክፍል አለው፤ ጓሮ ማድ ቤት፣ በስተግራ ደግሞ የልጆቹ የነበረው ባዶ ክፍል። ከበራፉ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ማየት ይቻላል። እማማ ሁላችንንም አንድ በአንድ ስመው፣ ከጎረቤት ልጅ ጠርተው እግራችንን አሳጠቡን። «ተይ፣ እኛ እንታጠባለን» ብንል ማን ሰምቶን። ዓርብ ስለሆነ ሽሮ፣ የገብስ ቂጣ፣ የተቀቀለ ባቄላ ቀረበ። በነጋታው ዶሮ ታረደ። ማታ ከባና ሥር፣ በእሳቱ ዳር፣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ተኛን። የደብረ ብርሃኗን ሌሊት ያስታወሰች አንዷ «ይሄ ነው እንጂ» ብላ ገና ሳትጨርሰው አንቀላፋች።

ጭቅጭቁ የተነሳው በዚያችው ሌሊት፣ ከእራት በኋላ ነው። እህታችን ሐሳቧን ለእናቷ ገና በደንብ አልነገረችም ነበር። ነገረቻቸው። እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ከዚያ «እንግዳ ከበሬ መጥቶ፣ እንጀራ አብልቼው፣ ብር አምጣ ልበለው? ሰው ምን ይለኛል? የመሸበት የእግዜር እንግዳ አይደለም ወይ?» አሉ። እህታችን መጀመሪያ ዝም አለች። ቆይታ «እማዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቀራንዮ ላይ እንጀራ ሸጬ አይደለም ወይ ብር የምልክልሽ?» አለቻቸው።

ማናችንም ቃል አልተነፈስንም። እማማ እሳቱን ቆሰቆሱ። «እሱ አዲስ አበባ ነው» አሉ። በዚህ ተኛን።

ቅዳሜ ጥዋት ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ወጣን። ትልቋ አባላችን ሦስት ጊዜ እያረፈች፣ በራሷ እግር ወጣች። ከምኒልክ ግቢ የቀረው የግንብ ቁራጭ ነው። እዚያው ኮረብታ ላይ የድሮውን ቤት አምሳያ ይዞ የተሠራ ሎጅ አለ፤ መልካም ቤት ነው፤ ክፍሉን እንድናይ ፈቀዱልን። አንዱን ሻይ ለሁለት ጠጥተን ወረድን። የእህታችን ቤት የዚህ ተወዳዳሪ አይደለም። እዚያ የሚያድረው ሌላ ሰው ነው።

ታዲያ እሷ ቤት የሚያድረው ማን ነው? ይህን በከተማው እየዞርን ጠየቅን። ለቀብርና ለተዝካር ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ አለ። ገና የተመደበች መምህርት አለች፤ ቤት እስክትከራይ የምታድርበት የላትም። ለክትባት ዘመቻ የሚወጡ ነርሶች አሉ። ለንግሥ የሚመጡ ምእመናን አሉ። የአንኮበርን ስም የያዘችውን ትንሽ ወፍ ፍለጋ የሚመጡም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተገኘች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትታይ ወፍ ናት። (ብዙም አታምርም አሉን።) ከእነዚህ ውስጥ ለብቻቸው የሚሄዱት ሴቶች በርና ቁልፍ ያለው፣ ባለቤቷ ሴት የሆነች ቤት እንደሚፈልጉ እኛ ደብረ ብርሃን ላይ በራሳችን አይተነዋል።

ይህ ነገር በሌላውም ዓለም አለ። ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ በስኮትላንድ ትሠራለች፤ ሜልሮዝ የምትባል የገጠር ከተማ ሄዳ ያደረችበትን በስልክ አጫወተችን። ሜልሮዝ ግድግዳው ብቻ የቀረ የጥንት ገዳም አላት፤ የንጉሣቸው የሮበርት ብሩስ ልብ የተቀበረው እዚያ ነው ይላሉ። ሰው ያንን ፍራሽ ሊያይ ይመጣል። እንግዳው የሚያድረው በሰው መኖሪያ ቤት ነው፤ ባለቤቷ ትርፍ ክፍሏን ታከራያለች፣ ጥዋት ቁርስ ታቀርባለች። ቁርሱ የአጃ ገንፎ ነው ስትለን ሳቅን፤ ገንፎማ እኛስ መቼ አጣን! ግን ልብ በሉ፣ ምግቡ ከአልጋው ዋጋ ጋር ነው የሚታሰበው፤ ለብቻው «ይህን ያህል በላህ» ተብሎ አይጠየቅም። በነገራችን ላይ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ከተቀበሉት አንዷ እቴጌ ምንትዋብ ነበሩ፤ ቁስቋም ግቢያቸው ውስጥ በፈንጣጣ የታመሙትን ልጆች አክሟል። እቴጌይቱ የአልጋ አልጠየቁትም። ቢጠይቁት ኖሮ ዛሬ ስንት ይሆን ነበር እያልን በመንገድ ላይ ቀለድን።

የሜልሮዙን ነገር ቅዳሜ ማታ ለእማማ ነገርናቸው። ብዙ አሰቡ። ከዚያ «አልጋው የልጄ ነው፤ ብርድ ልብሱም እሷ የገዛችው ነው፤ ለእሱ ይክፈሏት። እንጀራው ግን የኔ ነው። እኔ አልሸጥም» አሉ። ከዚህ በላይ አልሄዱም። እህታችን እጃቸውን ሳመች።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሁለት ክፍል፣ አራት አልጋ፣ አንዱ አልጋ በሌሊት 100 ብር ብለን አሰብን። በሳምንት አምስት አልጋ ቢያዝ በወር 2,000 ብር ይሆናል። በክረምት ጭጋጉ ከተማዋን ስለሚውጣት አራቱን ወር ባዶ ብለን ቆጠርን። በስምንቱ ወር በየወሩ 1,250 ብር ብትከፍል በሦስት ዓመት 30,000 ብር ይመለሳል። ስለዚህ የጠየቀችው 45,000 ይበዛል። አልጋውን የአንኮበር አናጢ ይሠራዋል፤ ብርድ ልብሱን ከደብረ ብርሃን ፋብሪካ መግዛት ይቻላል፤ የግድግዳው ልስን እሷው በእጇ ትሠራዋለች። የማይቀነሰው መጸዳጃ ቤቱ ነው። አሁን ያለው ጉድጓድ ነው፣ በር የለውም፣ ሌሊት በዚያ ብርድ ገደል አፋፍ ላይ መሄድ ያስፈራል። ውሃም ከቦኖ በጀሪካን ነው የሚቀዳው፤ ገንዳ ያስፈልጋል። መጸዳጃውና ገንዳው ሳያልቁ አንድም አልጋ እንዳይገዛ ብለን ጽፈናል።

አራታችን 30,000 ብር ይፈቀድ፣ መመሪያውም ለዚህ ጉዳይ ይሻሻል ብለን ፈርመናል። አምስተኛዋ አልፈረመችም። ምክንያቷንም በራሷ ፈቃድ እዚህ እናነባለን፤ ልክ ናት ብለን የምንፈራበት ቀን አለና። እንዲህ ትላለች፤ «በወር ከሚገባው 2,000 ብር ዕዳው ሲከፈል የሚተርፈው 750 ነው። በወር ሃያ እንግዳ ያድራል ካልን ለአንድ ሰው 37 ብር ከ50 ይደርሳል። በዚህ ብር ቀራንዮ ላይ አንድ ሽሮ አይበላም። እማማ እራት ያበላሉ፣ ቁርስ ያበላሉ፣ ቡና ያፈላሉ፣ ብር አይቀበሉም። ጤፉ ከየት ይመጣል? እህታችን መልሳ እንጀራ ልትሸጥ ነው፣ ያውም በማያውቃት ገበያ። ሥራው ደህና ነው፤ እናትየው ግን ያከስሩታል፤ እኔም ብሆን እናትየውን ለውጡ አልልም።»

መልስ አለን? ግማሽ መልስ አለን። የገብሱ መሬት የእማማ ነው፤ ባቄላውም ከጓሮ ነው። አልጋው 120 ብር ቢሆን ይሻላል የምትል አለች። ሎጁ ካለበት ከተማ 120 አይበዛም፤ እኛም ብንሆን ለዚያች ቁልፍ ለሌላት በር 500 ከፍለናል። ነገር ግን ያች አዲስ መምህርት 120 ትችላለች ወይ? እኛ አልጠየቅናትም፤ መጠየቅ ነበረብን።

ሌላም ያልተጻፈ ነገር አለ። ይህን ብድር ብንፈቅድ እህታችን ትሄዳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጠባውን የምትሰበስበው፣ ያልከፈለውን በፈገግታ የምታስከፍለው እሷ ናት። ብንከለክላት ትቀራለች፤ እናቷ ግን እዚያ ብቻቸውን ይከርማሉ። ድምፅ ስትሰጡ ይህን ማሰባችሁ አይቀርም፤ እኛም አስበነዋል። እሷ ዛሬ ከአዳራሹ ውጭ ቡና ታፈላለች፤ ራሷ ናት «እኔ ሳልኖር ተነጋገሩ» ያለችው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሳን። ስንወጣ 600 ብር አሥረን ከሌማቱ ሥር ደበቅን፤ ለበላነው እንኳ አይበቃም። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሳ ሲል የጎረቤት ልጅ እያለከለከ ሮጦ መጣና ብሩን በመስኮቱ ወረወረልን። ከመሐረብ ጋር ነው፤ መሐረቡ ውስጥ ቆሎም አለ። «ረስታችሁት ነው ብለዋል እማማ» አለን።

ሸኖ ላይ ቅቤ ገዝተን፣ ማታ አንድ ሰዓት ቀራንዮ ገባን። ቅቤው ከየኪሳችን ነው።

600 ብሩ ይኸው እዚህ ጠረጴዛ ላይ በፖስታ አለ። ሒሳብ ሹማችን በየትኛው ዓምድ እንደምታስገባው ጠይቃናለች፤ እስካሁን አልመለስንላትም።